የማይለቅ የኋላ ፍሬን፤ መንሥኤው እንዴት ይገኛል?

ፍሬን የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አልይዝ ሲል ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ይፈራዋል። ሁለተኛው ደግሞ ከያዘ በኋላ አልለቅ ሲል ነው፤ ይህን ግን ብዙ ነጂ እንደ ቀላል ነገር ቆጥሮ «መኪናው ዛሬ ከበደኝ» ወይም «ቤንዚን በላብኝ» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ብልሽት ሳይታሰብ ወደ አንደኛው የሚለወጥ ነው። መንሥኤውም የሚገኘው ዕቃ በመለዋወጥ ሳይሆን በቅደም ተከተል በመመርመር ነው። ይህንኑ በናይሮቢ ከተማ ካጋጠመን አንድ ጉዳይ ጋር አያይዘን ለማስረዳት እንሞክራለን። ጽሑፉ የአውቶ መካኒክ ትምህርት ለሚሰጡ መምህራንና ለተማሪዎቻቸው የታሰበ ቢሆንም፣ ስለ ፈሳሽ ግፊት ለሚያስተምሩ የፊዚክስ መምህራንም ሳይጠቅም አይቀርም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናይሮቢ አሮጌ መኪና የሚከበርባት ከተማ ናት። ለዚህም በቂ ምክንያት አላት። በ1953 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ዘውድ የጫኑበትን በዓል ምክንያት በማድረግ ኬንያን፣ ዩጋንዳንና ታንጋኒካን የሚያካልል የመኪና ውድድር ተጀመረ። ኋላ የሳፋሪ ራሊ ተብሎ በዓለም የታወቀው ይኸው ውድድር ነው። በ1971 ዓ.ም. ኤድጋር ሄርማን ዳትሰን 240 ዜድ በተባለች የጃፓን የስፖርት መኪና አሸነፈ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ በዩጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜታ በዚያችው ዐይነት መኪና ድሉን ደገመው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ለአሮጌ መኪናዎች ብቻ የተለየ የሳፋሪ ክላሲክ ውድድር ይካሄዳል። በንጎንግ የፈረስ መሮጫ ሜዳም መኪናዎች በፍጥነት ሳይሆን በአያያዛቸውና በንጽሕናቸው የሚወዳደሩበት በዓል አለ። ስለዚህ በናይሮቢ መንገድ ላይ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ዳትሰን አይቶ የሚደነግጥ ሰው የለም።

እኛም ለአሠልጣኞች በተዘጋጀ አጭር ትምህርት ምክንያት ወደዚያ በሄድን ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዱን የሚያውቁ፣ ብዙ ዓመት በናይሮቢ የኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ቤታቸው ለቡና ጠሩን። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ ወሬው ወደ መኪና ዞረ። ግቢያቸው ውስጥ የ1972 ዓ.ም. ዳትሰን 240 ዜድ ቆማለች። «የምታስተምሩት ይህንኑ አይደለም እንዴ? እስቲ እዩልኝ» አሉን።

ችግሩ እንዲህ ነበር። መኪናዋ ከተማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳች በኋላ ትከብዳለች፤ የኋላው የግራ ጎማ አካባቢ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ ቸርኬው በእጅ አይነካም። ለአንድ ሌሊት ስትቆም ደግሞ ጤነኛ ሆና ታድራለች። አንድ ጋራዥ ወስደዋት መጀመሪያ የፍሬን ሸራ ተለወጠ፤ ለአምስት ቀን ደኅና ሄደች። ችግሩ ሲመለስ የፍሬኑ ሲሊንደር ተለወጠ፤ አሁንም ለአንድ ሳምንት ያህል ደኅና ሄደችና እንደገና ያዘች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወስዷት የተሰጣቸው መልስ «አሮጌ መኪና ነው፤ ምን ይደረጋል» የሚል ሆነ።

አዛውንቱ ያሳሰባቸው ገንዘቡ አልነበረም። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ናት፤ በመጪው ቅዳሜ ሴት ልጃቸው ከባለቤቷ ጋር ሆና ወደ ናይቫሻ ልትሄድባት ቃል ተገብቶላታል። የጋብቻቸው ዓመት ነበር። «ልጆቼ፣ ትሂድበት ወይስ አትሂድበት? ይህን ብቻ ንገሩኝ» አሉን።

ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ በሊሙሩ አድርጎ ወደ ማይ ማሂዩ የሚወርደው አሮጌው መንገድ ነው። ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ በስምጥ ሸለቆው ግድግዳ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጣሊያን የጦር ምርኮኞች የሠሩት ሲሆን፣ በመንገዱ ዳር በ1942 ዓ.ም. የሠሯት ትንሽ የጸሎት ቤት እስካሁን ቆማለች። የእኛ አገር አንባቢ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደውን መንገድ ቢያስብ ነገሩ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት እንሥራ። ከነተሳፋሪዎቿ 1,200 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በቀጥታ ከፍታ ሲለካ 400 ሜትር ያህል ብትወርድ፣ የምታጣው ጉልበት 1,200 በ9.8 በ400 ሲባዛ ከ4 ሚሊዮን 700 ሺሕ ጁል በላይ ነው። ይህ 15 ሊትር ያህል ውሃን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ ናይሮቢ ላይ እስከሚፈላበት እስከ 94 ዲግሪ ገደማ ለማሞቅ ይበቃል። ነጂው ማርሹን ዝቅ ካደረገ ከፊሉን ሞተሩ ይይዘዋል፤ ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። የቀረው ሁሉ በፍሬኑ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ጤነኛ ፍሬን በሁለት ጠመዝማዛ መካከል ባለው ቀጥ ያለ ቦታ ይተነፍሳል። የማይለቅ ፍሬን ግን ለመተንፈስ ጊዜ የለውም፤ ነጂው እግሩን ሲያነሣም ይሠራል።

ሙቀቱ ከብረቱ አልፎ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይገባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ተደርጎ ይሠራል። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ነው፤ እርጥበት ሲጠግብ መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ያለ ምንም መቋቋም ወለሉ ድረስ ይገባል፤ መኪናውም አይቆምም። በመግቢያችን «ሁለተኛው ብልሽት ወደ አንደኛው ይለወጣል» ያልነው ይኸን ነው። ስለዚህ ለአዛውንቱ በዚያው በቡናው ላይ የሰጠናቸው መልስ «እንዲህ እንዳለች አትሂድበት» የሚል ነበር። እርሳቸውም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ግን ቀኑ ገና ረቡዕ ነበር።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት የፍሬኑን አሠራር ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚህች መኪና የፊት ጎማዎች ፍሬን ዲስክ ሲሆን የኋላዎቹ ታምቡር ነው። በታምቡሩ ውስጥ ሸራ የተለበጠባቸው ሁለት ግማሽ ክብ ብረቶች አሉ፤ ከዚህ በኋላ ሸራዎች እያልን እንጠራቸዋለን። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው የፍሬን ሲሊንደር ፈሳሹን ይገፋል። ፈሳሹ በብረት ቱቦ፣ ቀጥሎም ጎማው ከመኪናው አካል ጋር ከፍ ዝቅ ሲል እንዲታጠፍ በተሠራ አጭር የላስቲክ ቱቦ አልፎ ወደ ጎማው ሲሊንደር ይደርሳል፤ እዚያም ፒስተኑን ገፍቶ ሸራዎቹን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የደረሰበትን ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል የሚለውን የፓስካል ሕግ ተማሪዎቻችን በቃላቸው ያውቁታል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት የመመለሱን ጉዳይ ነው። ሲሄድ ፈሳሹን የሚገፋው የነጂው እግር ነው፤ ያውም በፔዳሉ ርዝመትና በሰርቮው ተባዝቶ። ሲመለስ ግን የሚመልሰው ሸራዎቹን እርስ በርስ የሚስቡት ቀጫጭን ሞላዎች ኃይል ብቻ ነው። መሄጃውና መመለሻው አንድ መንገድ ሲሆን፣ ገፊዎቹ ግን ዝሆንና ፍየል ናቸው። በመንገዱ ላይ አንዳች ጠባብ ነገር ቢኖር ዝሆኑ ሳያውቀው ጥሶት ያልፋል፤ ፍየሉ ግን እዚያው ይቀራል።

እንግዲህ የማይለቅ ፍሬን መንሥኤው ብዙ ቢሆንም ከሁለት ወገን አይወጣም። ወይ ፈሳሹ መመለሻ አጥቶ ግፊቱ ታፍኗል፤ ወይ ግፊቱ ሄዶ ሳለ ብረቱ ራሱ ተይዟል። ለሁለተኛው ወገን ምሳሌ ብንሰጥ፣ ፒስተኑ ይዝጋል፤ ሞላው ይደክማል ወይም ይሰበራል፤ የእጅ ፍሬኑ ካቦ ሽፋኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይደርቃል። በ240 ዜድና በአንዳንድ የእንግሊዝ መኪናዎች ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። ሲሊንደሩ ያለው ፒስተን አንድ ብቻ ነው፤ ፒስተኑ አንደኛውን ሸራ ሲገፋ ሲሊንደሩ ራሱ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ሁለተኛውን ይገፋል። ስለዚህ የሚንሸራተትበት ቦታ ዝጎ ከያዘው ሲሊንደሩ አዲስ ቢሆንም ፍሬኑ አይለቅም። አዲስ ሲሊንደር የሚያስገባ ሰው ቦታውን አጽድቶ ለዚሁ የተሠራውን ግሪስ በስሱ መቀባት አለበት።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ጀመርን። የሚረዳን በሰፈሩ መንገድ ዳር የሚሠራ አንድ ወጣት ነበር። በስዋሂሊ መካኒክን ፉንዲ ይሉታል። ጣሪያ በሌለው ቦታ የሚሠሩትን ባለ ሙያዎች ደግሞ ጁዋ ካሊ ይሏቸዋል፤ ኃይለኛ ፀሐይ ማለት ነው። የመሣሪያዎቹ ስም አስቆናል። እኛ ፍሬን፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ የምንለው ከጣሊያኖች የወሰድነውን ነው፤ እርሱ ብሬኪ፣ ስፓና፣ ጄኪ የሚለው ከእንግሊዞች የመጣውን ነው። አንዱ ብረት በሁለት ቅኝ ገዢ ቋንቋ ሲጠራ ዋለ፤ ነገር ግን በምልክት ተግባባን።

በመጀመሪያ ሙቀቱ በእርግጥ ከፍሬን መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብን፤ የተበላሸ ኩሽኔታም ጎማ ያሞቃልና። ኩሽኔታ ሲሆን ሙቀቱ የሚጀምረው ከመሐሉ ነው፤ ጎማው በእጅ ሲዞርም ይንኳኳል ወይም ያጉረመርማል። መኪናዋን ለግማሽ ሰዓት በሰፈሩ ነድተን ተመለስንና በቸርኬው ቀዳዳ በኩል የሁለቱንም የኋላ ታምቡሮች ጠርዝ በጥቂት ጠብታ ውሃ ነካን። በቀኙ ላይ ውሃው ዝም ብሎ ወርዶ ቀስ እያለ ደረቀ። በግራው ላይ ጭስ ብሎ ጠፋ። በእጅ ነክቶ ከመቃጠል ይህ ይሻላል፤ ቴርሞሜትርም አያስፈልገውም። ጠብታ እንጂ ውሃ መድፋት ግን አይገባም፤ የጋለ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ታገዱ፤ የኋላው በክሪክ ተነሥቶ በብረት ማስደገፊያ ላይ ተቀመጠ። ይህን በተለይ ለተማሪዎች እንናገራለን፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አይገባም። የቀኙ ጎማ በአንድ ጣት ዞረ። የግራው በሁለት እጅ ተይዞም እምቢ አለ።

እዚህ ላይ የሠራነውን ስሕተት ሳንደብቅ እንናገራለን። ከመካከላችን አንዱ መኪናው ሥር ገብቶ የእጅ ፍሬኑን ካቦ ማጥበቂያ ዳዶ ያላላል። በዚያው ቅጽበት ሌላው በጎማው ሲሊንደር ጀርባ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ግማሽ ዙር ይፈታል። ፈሳሹ ፊጭ አለ፤ ጎማውም ተለቀቀና ዞረ። እልል አልን። ወጣቱ ፉንዲ ግን እጁን አጣጥፎ ሲያየን ቆየና በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ጠየቀን፦ ከሁለቱ የፈታው የትኛው ነው?

መልስ አልነበረንም። በክፍል ውስጥ ተማሪዎቻችን በአንድ ሙከራ ሁለት ነገር ሲለውጡ ነጥብ የምንቀንስ መምህራን፣ እኛው ራሳችን ያንኑ ሠራን። ፈሳሹ በኃይል መውጣቱ የታፈነ ግፊት እንደ ነበረ ይጠቁማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኛም እንደዚያ ለማለት ቃጥቶን ነበር። ግን በብዙ አሮጌ ባለ ታምቡር ፍሬኖች ላይ በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት ሆን ብላ የምታስቀር ትንሽ ቫልቭ ስላለች፣ ጤነኛውም መስመር ሲከፈት ትንሽ ሊረጭ ይችላል። ካቦው የያዘው ሸራም ያን ጊዜ ተለቆ ሊሆን ይችላል። ሙከራው መደገም ነበረበት።

ሁለተኛውን ሙከራ በወረቀት ላይ ጽፈን ጀመርን። የአየር ማስወጫው ተዘጋ፤ የጎደለው ዘይት ተሞላ። የእጅ ፍሬኑ ካቦ እንደ ላላ ተተወ፤ ከዚህ በኋላ ጎማው ቢይዝ ካቦው ሊከሰስ አይችልም ማለት ነው። ሞተሩ ተነሥቶ አንዱ ፔዳሉን አሥር ጊዜ በኃይል ረግጦ ለቀቀ። የቀኙ ጎማ ወዲያው ዞረ። የግራው ያዘ። በሰዓት ይዘን ስንቆጥር በእጅ መዞር የጀመረው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር። ይህ ራሱ ትልቅ ወሬ ነው። የዛገ ፒስተን ወይም የተሰበረ ሞላ በአራት ደቂቃ አይድንም፤ ቀስ ብሎ የሚመለስ ነገር ቀስ ብሎ የሚያልፍ ፈሳሽ ነው። በናይሮቢ የመኪና ብዛት መካከል ነጂው በየግማሽ ደቂቃው ፍሬን ይረግጣል። ስለዚህ ፍሬኑ ሊለቅ ሲል እንደገና ይያዛል፤ ሙቀቱም እየተደራረበ ይሄዳል። ሌሊት ግን በቂ ጊዜ አለው። መኪናዋ ጤነኛ ሆና የምታድረው በዚህ ምክንያት ነበር።

ታዲያ ፈሳሹ የታፈነው የት ላይ ነው? እዚህ ላይ የመኪናውን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። የኋላ አክስላቸው አንድ ወጥ በሆኑ ብዙ አሮጌ መኪናዎች ከአካሉ ወደ አክስሉ የሚወርደው የላስቲክ ቱቦ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እርሱ ቢታመም ሁለቱም ጎማዎች ይያዛሉ። በ240 ዜድ ግን የኋላ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ስለሚወዛወዙ ለየራሳቸው ቱቦ አላቸው። አንድ ጎማ ብቻ መያዙ ዋናውን ሲሊንደር ከጥርጣሬ አርቆ ወደ ግራው ቱቦ ይመራናል። መጠርጠር ግን ማወቅ አይደለም፤ ያ ጋራዥም ሲሊንደሩን የለወጠው ጠርጥሮ ነበር።

ፔዳሉ እንደገና ተረግጦ ተለቀቀ፤ የግራው ያዘ። የብረቱ ቱቦ ከላስቲኩ ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ዳዶ፣ ማለትም በመኪናው አካል በኩል ያለውን ፈታን። ጥቂት ዘይት ተንጠባጠበ፤ ጎማው ግን አልተንቀሳቀሰም። አሁን ከዚያ ነጥብ ወደ ላይ፣ እስከ ፔዳሉ ድረስ ያለው ሁሉ ነጻ ወጣ፤ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ፍሬኑ አልለቀቀምና። ከዚያም በጎማው በኩል ያለችውን አየር ማስወጫ ፈታን። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ጎማው ዞረ። አሁን ከዚህ ወደ ታች ያሉት ሲሊንደር፣ ሸራና ሞላም ነጻ ወጡ፤ ግፊቱ እንደ ሄደ ለቅቀዋልና። ከላይ ያለው ነጻ፣ ከታች ያለው ነጻ፤ በመካከል የቀረው ወደ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የምትጠጋ አንዲት የላስቲክ ቱቦ ብቻ ነበረች።

ወጣቱ ፉንዲ ቱቦዋን ፈትቶ በእጁ አገላበጣት። ውጭዋ ደኅና ነው፤ አልተሰነጠቀም፣ አያፈስም። በምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቅናት። ውስጠኛው የላስቲክ ሽፋን በእርጅና አብጦ ከግድግዳው ተላቆ ነበር፤ አንዱ ወገን እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ዘይቱ ወደ ጎማው ሲገፋ ምላሱ ይተኛል፤ ሊመለስ ሲል ይነሣና ቀዳዳውን ይደፍናል። ያለ አንድ ብረት የተሠራ ቫልቭ ሆኗል ማለት ነው። ይህ በእርጅና ብቻ የሚመጣ አይደለም። አንዳንድ መካኒኮች ሲሊንደር ሲለውጡ ዘይት እንዳይፈስ ብለው የላስቲኩን ቱቦ በፒንሳ ይቆነጥጡታል፤ ውጭው ቢመለስም ውስጡ ይጎዳል። ይህን ልማድ ተማሪዎቻችን ከእኛ እንዳይወርሱ መጠንቀቅ አለብን።

ሸራውና ሲሊንደሩ ሲለወጡ መኪናዋ ለጥቂት ቀን የዳነች የመሰለችው ለምን ነበር? ታምቡሩ በወለቀ ቁጥር ሸራዎቹ ከታምቡሩ ትንሽ ራቅ ተደርገው ይገጠማሉ፤ ሲሊንደሩ ሲለወጥም የታፈነው ዘይት ወጥቷል። በዚህ ምክንያት የሚቀረው ግፊት ሸራውን ታምቡሩ ላይ አጥብቆ ለመያዝ ጥቂት ቀን ፈጀበት። አንድ ዕቃ ተለውጦ ብልሽቱ ለጊዜው ቢጠፋ፣ ዕቃው ጥፋተኛ መሆኑ በዚህ ብቻ አልተረጋገጠም። የወጣው አሮጌ ዕቃ ተከፍቶ መታየት አለበት። አዛውንቱ የተለወጠውን አሮጌ ሲሊንደር በጋዜጣ ጠቅልለው አስቀምጠውት ነበርና ከፈትነው፤ ጎሚኒው ደኅና፣ ፒስተኑም በአውራ ጣት ሲገፋ የሚሄድ ነበር።

በሌላ መኪና ላይ ምልክቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት እንጨምር። አራቱም ጎማዎች ወይም ሁለቱ የኋላዎች አንድ ላይ ቢይዙና ፔዳሉ ከላይ ምንም ልል ቦታ ከሌለው ዋናው ሲሊንደር ይመርመር። ፔዳሉ ሲለቀቅ ፈሳሹ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ቀጭን ቀዳዳ አለች። የፔዳሉ ዘንግ ያለ ልክ ከረዘመ ፒስተኑ ቀዳዳዋን ሸፍኖ ይቀራል፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲሰፋ መሄጃ ያጣል። አየር ማስወጫው ተከፍቶ ጎማው ካልለቀቀ ግን ነገሩ የብረት ነው፤ ቀጥሎ ካቦው ብቻውን ይላላ፤ ያም ካልሆነ ታምቡሩ ይወልቃል። ታጥባ ወይም ዝናብ መትቷት በእጅ ፍሬን ለሳምንታት የቆመች መኪና ሸራዋ ከታምቡሩ ጋር በዝገት ሊጣበቅ ይችላል፤ ታምቡሩን ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርጎ መምታት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ታምቡር ሲወልቅ ስለሚታየው ጥቁር ዱቄት ግን ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። የአሮጌ መኪናዎች ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ የአስቤስቶስ ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ድረስ ያመጣል። በአፍ እፍ ማለት ወይም በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍ በየጋራዡ የሚታይ ነው፤ በትምህርት ቤት ወርክሾፕ ግን ፈጽሞ መከልከል አለበት። በውሃ በራሰ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ይጣል። የፍሬን ዘይትም ቀለም ይልጣል፣ ዐይን ያቃጥላል፤ ከመስመር የወጣ ዘይት ተመልሶ አይሞላም።

መኪና የሌለው ትምህርት ቤት ይህን ትምህርት በሁለት የመርፌ መስጫ ሲሪንጅና በአንድ ክንድ በሚያህል ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሊያሳይ ይችላል። መርፌዎቹ ይውለቁ፤ ሁለቱ ሲሪንጆች ውሃ ሞልተው በቱቦው ይገናኙ፤ አየር አይቅር። በአንደኛው ሲሪንጅ ዘንግ ላይ እንደ ሞላው የሚመልስ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ይታሰርበት። ሌላውን ሲገፉት ባለ ላስቲኩ ይወጣል፤ ሲለቁት ይመለሳል። ከዚያ ቱቦው መሐሉ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጠጥ ይደረግ። በአውራ ጣት ሲገፋ አሁንም ያልፋል፤ ላስቲኩ ሲመልሰው ግን ይዘገያል ወይም ይቀራል። ተማሪዎች የመመለሻውን ጊዜ በሰዓት ለክተው መቆንጠጫው በጠበቀ ቁጥር እንዴት እንደሚረዝም በሠንጠረዥ ሊጽፉ ይችላሉ። መምህሩ መቆንጠጫውን በጨርቅ ሸፍኖ «እንቅፋቱ የት ላይ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ የተሻለ ይሆናል።

አርብ ጠዋት ወጣቱ አሮጌዋን ቱቦ ለናሙና ይዞ የመለዋወጫ ሱቆች ወደሚበዙበት ወደ ኪሪንያጋ መንገድ ወረደና ርዝመቷና ጥርሷ ልክ የሆነ ሁለት አዲስ ቱቦ ይዞ ተመለሰ። ሁለት ያልነው የቀኙም እኩያዋ ስለሆነች ነው። ቱቦዎቹ ተገጠሙ፤ አሮጌው ዘይት በሙሉ ወጥቶ አዲስ ገባ፤ አየሩ ተለቀቀ፤ የላላው ካቦም ወደ ልኩ ተመለሰ። ፔዳሉ አሥር ጊዜ ተረግጦ ሲለቀቅ ሁለቱም ጎማዎች ወዲያው ዞሩ።

ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ ራሳቸው እየነዱ፣ አንዳችን አጠገባቸው ተቀምጠን፣ የቀረነው በሌላ መኪና እየተከተልን በሊሙሩ ወደ ማይ ማሂዩ ወረድን። ማርሽ ዝቅ ተደርጎ፣ ፍሬኑም በየጠመዝማዛው እየተረገጠ ነበር። ትንሿ የጸሎት ቤት ዘንድ ስንደርስ ቆምን። አዛውንቱ የውሃውን ጠርሙስ ማንም እንዲነካባቸው አልፈቀዱም፤ ጎንበስ ብለው በቀኝ ታምቡር ላይ አንድ ጠብታ፣ በግራው ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና ሰዓታቸውን ያዙ። ሁለቱም ሞቀዋል፤ ሁለቱም ጠብታዎች ሳይንጫጩ እኩል ጊዜ ወስደው ደረቁ። «ትሂድበት» አሉ።

የተሰነጠቀችውን ቱቦ ለሁለት ተካፈልናት። ግማሿ ፉንዲው ዘንድ ቀርታለች፤ ግማሿን ይዘን መጥተን በተቋማችን ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ በሽቦ ሰቅለናታል፤ ምላሷ ከበሩ ሆኖ ይታያል።